ባለቤቴ የእቁብ ሂሳብ ይመስለዋል

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዓምድዎን የማነበው ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ደሴ፣ አንድ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የመጽሐፍ ቀበኛ ነበርኩ። ወይዘሮ ስህን ስማር መጽሐፍ እየተከራየሁ በአንድ ሌሊት ጨርሼ እመልስ ነበር። አሁን ግን አሥረኛው ገጽ ላይ ስደርስ ስልኬን አነሳለሁ፤ በዚያው እቀራለሁ። ዘንድሮ ብቻ ሰባት መጽሐፍ ገዝቼ አንዱንም አልጨረስኩም። አፍራለሁ።

ሌላው ምሥጢሬ ነው። ስምንት ዓመት ሆነኝ ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ። ዘጠኝ ደብተር ሞልቷል። የምጽፈው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኩሽና ውስጥ ነው። ማንም አላነበበውም። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ደብተሮቹን ሲያይ ግን የእቁብ ሂሳብ ይመስለዋል፤ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነኝና። እኔም ‹አይደለም› ብዬው አላውቅም። በቅርቡ አንድ ደራሲ እውነተኛ ደራሲ ሁሉን ጥሎ ለብዕሩ ብቻ እንደሚኖር ሲናገር ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መስከረም ላይ እቁብ ይወጣልኛል፤ 150 ሺህ ብር ነው። ሥራዬን ለቅቄ በእሱ መጽሐፌን ላሳትም? ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ኤዲተር 40 ሺህ ብር ቀድሜ ከከፈልኩ በአንድ ወር ጨርሶ እንደሚሰጠኝ ነግሮኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ይሄ ሁሉ ቅዠት ነው እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመጣ ሲሄድ ሳይ እውላለሁ። ከኩታበር የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። በየወሩ እየመጡ ‹የልጄ ብር ገባ?› ይሉኛል። አለመግባቱን እያወቅኩ፣ ቶሎ እንዳልነግራቸው ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሩን ደጋግሜ የማይ እመስላለሁ። ማታ ደብተሬን ከፍቼ እሳቸውን ሳስብ ይመሽብኛል እንጂ ልብ ወለዴን አልጽፍም። ምን ይሻለኛል?

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፤ ደብተሮቹን አይጥ ጀምራቸዋለች። በምን ላስቀምጣቸው?

ባለ ደብተሯ፣ ከደሴ»

ውድ ባለ ደብተሯ፣

ደብዳቤሽን ብቻዬን አላነበብኩትም። ታናሽ እህቴ ቡና ስታፈላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የእቁብ ሂሳብ ይመስለዋል» የሚለው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እህቴ ስኒዎቹን እያቀራረበች «ስምንት ዓመት ሙሉ?» አለች። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ስለ ባልሽ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ሥራሽ፤ እሱ አጭር ነው። አትልቀቂ።

ሁሉን ጥሎ ለብዕሩ እኖራለሁ ያለው ደራሲ ማን እንደሆነ አላውቅም። የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልለት ግን መጠየቅ ነበረበት። እዚህ አገር በብዕሩ ብቻ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ድሮም እንደዚያው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የውጭ ጉዳይ ሰው ነበሩ፤ በአምባሳደርነት አገር ላገር ሲዞሩ የኖሩ። የተወለዱት በ1902 ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958። ሂሳቡን አንቺ ከኔ ትፈጥኛለሽ፤ የባንክ ሰው ነሽ። አንቺ ገና ሃያ ዓመት ይቀርሻል ማለት ነው። በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛ ነበር። እነዚያን ሁሉ ልብ ወለዶች የጻፈው ጋዜጣና መጽሔት እያዘጋጀ፣ ኋላም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቢሮ እየገባና እየወጣ ነው።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የምወደው አንድ ሰው አለ። አንቶኒ ትሮሎፕ ይባላል፣ የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከ40 በላይ ልብ ወለድ ጽፏል። በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ለዚያ የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው፤ ለመቀስቀሻ ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ከዚያ ቁርሱን በልቶ ወደ ደብዳቤዎቹ። ይህን ሁሉ በግለ ታሪኩ ሲናገር ብዙ አንባቢ ተቀየመው። ኪነት በሰዓት ይቆጠራል ወይ፣ ይሄማ ጫማ ሰፊ ነው አሉ። እኔ ግን ጫማ ሰፊ መባል ስድብ አይደለም እላለሁ፤ ጫማው እግር ላይ ይገባል አይደል?

የትሮሎፕን አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል። ጠዋት መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት የትናንቱን ያነብ ነበር። የቃላቱን ድምፅ በጆሮው ለመመዘን።

አሁን ደግሞ ሥራሽን አትልቀቂ ያልኩበትን ዋናውን ምክንያት ልንገርሽ። ደሞዙ ሁለተኛ ነው።

ደብዳቤሽን እንደገና አንብቢው፤ ቅጂ ካስቀረሽ። ዘጠኝ ደብተር ስለሞላው ልብ ወለድሽ የጻፍሽልኝ ምንድን ነው? ምንም። ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ጦርነት፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማን ትባል፣ አንድ መስመር የለም። ስለ ኩታበሯ እናት ግን ሳልጠይቅሽ ጻፍሽልኝ። «አለመግባቱን እያወቅኩ፣ ቶሎ እንዳልነግራቸው ጎንበስ ብዬ ኮምፒውተሩን ደጋግሜ የማይ እመስላለሁ።» እህቴ እዚህ ጋ ስደርስ ጀበናውን ልታነሳ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እጇ እዚያው ቆየ። ልጅቷ የት እንዳለች አልነገርሽንም፣ ጅዳ ትሁን ቤሩት። ግን ወሎ ውስጥ ያን መስኮት የማያውቅ ቤተሰብ ስንት ነው? ያን የማስመሰል ጎንበስ ማለት ግን ከመስኮቱ ወዲህ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱም አንቺ ነሽ።

ማታ ማታ «ልብ ወለዴን አልጽፍም» ያልሽው ጊዜ፣ እንደኔ ከሆነ፣ በትክክል እየጻፍሽ የነበርሽበት ጊዜ ነው። ዘጠኙን ደብተር አስቀምጫቸው። ጣያቸው አላልኩም፤ ያርፉ። አሥረኛ ደብተር ግዢና በእኚህ እናት ጀምሪ። ልብ ወለድ መሆን የለበትም፤ ሦስት ገጽ ይሁን። መጡ፣ ጠየቁ፣ አጎነበስሽ፣ ተመለሱ። ነጠላቸው፣ ደብተራቸው የተጠቀለለበት ፌስታል፣ የተቀመጡበት ወንበር፣ የሚያስከትሉት ሰው። ከዚያ የምትጨምሪው ካለ ይመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደንበኛ ምሥጢር የእንጀራሽ ጉዳይ ነው። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የብሩን መጠን፣ የልጅቷን ስም ቀይሪ። ኩታበርንም ቀይሪ። ጎንበስ ማለትሽን ብቻ አትቀይሪ።

ጊዜን በተመለከተ ብዙ አልልም። ልጆች አስተኝቶ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ከዚያ ኩሽና ውስጥ መጻፍ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። እጅሽ ይጽፋል እንጂ ጭንቅላትሽ ተኝቷል። የደሴ ጠዋት ብርዱ አያስነሳም፤ ግን ጋቢ ደርቦ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀድሞ መነሳትን ሁለት ሳምንት ሞክሪው። ካልሆነ ወደ ኩሽናሽ ተመለሺ፤ አልፈርድም። በሳምንት አራት ቀን ግማሽ ግማሽ ገጽ ብትጽፊ በዓመት መቶ ገጽ ያልፋል። ይህን የምልሽ ብዙ ገጽ ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ መልቀቅ እንደማያስፈልገው እንድታይው ነው።

ነቢይ መኮንንን ታስታውሺ ይሆናል፤ ገጣሚው፣ የአዲስ አድማስ ጋዜጣው። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ የተረጎመው። ወረቀት አልነበረውም። የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ይህን የማነሳው «አንቺ ምን ጎደለሽና» ልልሽ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ንጽጽር አልወድም፣ እስር ቤት ማንንም ደራሲ አያደርግም። እኔን የሚገርመኝ የወረቀቷ ስፋት ነው። የፓኮ ወረቀት ላይ ስንት መስመር ይገባል? ያቺን ትሞላለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ሌላ ትጠብቃለህ። የቀኑ ሥራ መጠኑ ይታወቃል። አንቺ ደብተር ስትከፍቺ ግን ከፊትሽ የሚቆመው ባዶው ሙሉ ልብ ወለድ ነው። እሱ ነው የሚያደክምሽ።

ወደ ንባቡ እንምጣ። አሥረኛው ገጽ ላይ ስልክ ማንሳቱ እኔንም ይዞኛል፤ በ61 ዓመቴ። ማታ መጽሐፍ ይዤ ጋደም እላለሁ። ሦስት ገጽ ሳልሄድ አንድ ሰውዬ የአክስቱ ልጅ ሰርግ ላይ ሲጨፍር እያየሁ ነው። ሰውየውን አላውቀውም። ሙሽሮቹንም አላውቅም። ሰዓቱን ስመለከት አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ነገር ሞከርኩ። ስልኬን መሶብ ውስጥ ከተትኩት። ሳሎን ለጌጥ የተቀመጠ ባዶ መሶብ አለኝ። ስልኩ ሲያምረኝ ተነስቼ፣ ሄጄ፣ ክዳኑን አንስቼ፣ ጎንበስ ብዬ ማውጣት አለብኝ። ያቺን ታህል ድካም በቂ ሆና ተገኘች። አንድ ማታ ጎረቤቴ መጥታ መሶቡ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ መሶቡ መንዘር ጀመረ። በስመ አብ ብላ ተነሳች። ስልክ ነው ብላት አላመነችኝም፤ ከፍቼ ማሳየት ነበረብኝ። አሁን የልጇን ስልክ እየቀማች የምትከተው እሷ ናት። ልጁ በኔ ላይ ቂም ይዟል።

ሌላው ነገር ይሄ ነው። ያን ጊዜ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት የምትጨርሺው ጎበዝ አንባቢ ስለነበርሽ ብቻ አይመስለኝም። በማግስቱ መመለስ ስለነበረብሽ ነው! እኔም ተማሪ ሳለሁ፣ በሰባዎቹ፣ መጽሐፍ በሃምሳ ሳንቲም እከራይ ነበር። ደብተሬን መያዣ አስቀምጬ። የሞስኮው ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ እያተመ የሚልካቸው መጻሕፍት በየቦታው የሚገኙበት ጊዜ ነው። ደንበኛዬ ግን የሚያከራየኝ በስንቱ እጅ ያለፉትን ነበር። አንዱ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ጠፍተው ነበር። ማን እንደገደለው ሳላውቅ መጽሐፉን መለስኩ። ሃምሳ ሳንቲሜን ግን አልመለሰልኝም።

ገዝተሽ መደርደሪያ ላይ ያቆምሽው መጽሐፍ የትም አይሄድም። ስለዚህ ይጠብቅሻል፤ አንቺም ታስጠብቂዋለሽ። አንድ ዘዴ ላቀብልሽ። ከሥራ ባልደረባሽ መጽሐፍ ተዋሺ፤ የምትመልሺበትንም ቀን በአፍሽ ተናገሪ። የራስሽን ደግሞ አውሻት። «እስከ መቼ?» ብላ ከጠየቀችሽ እሷም አንባቢ ናት ማለት ነው፤ አጥብቀሽ ያዣት። ከሰባቱ ውስጥ ደግሞ እስከ አርባኛው ገጽ ያልያዘሽን ያለ ይሉኝታ ተይው። ብዙ ሰው ያለቀሰበት መጽሐፍ ቢሆንም ተይው። እኔ በስም የማልጠራው፣ ሁሉ የሚያወድሰው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ያቆምኩት እዚያው የበሬ ግዢው ላይ ነው። አሁን የአልጋዬ እግር ወለሉ አልገጥም ሲለው አግዞኛል።

አሁን ባልሽ።

27 ዓመት በማተሚያ ቤት የፊደል አራሚ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። እርማት የሚሠራው ሁለት ለሁለት ሆኖ ነበር። አንዷ የደራሲውን ጽሑፍ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች። ሌላዋ የታተመውን ናሙና ይዛ በቀይ እስክሪፕቶ ትከተላለች። አራት ነጥቡ ሳይቀር ይነበባል። «መጣ አራት ነጥብ፤ ተቀመጠ ነጠላ ሰረዝ።» ከውጭ ለሚሰማን ሰው ያበድን እንመስል ነበር። ከኔ ጋር ለብዙ ዓመት የሠራችው ባልደረባዬ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ስታነብ ደራሲው የት ጋ እንዳንቀላፋ ይታወቃል። ድምፅዋ ይዝላል። በተለይ «ነበር» ላይ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ያልተጠነቀቀ ደራሲ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ነበር» ይዘጋዋል። በዓይን ስታነቢው አይታይሽም። በጆሮ ሲሆን ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ባልደረባዬ ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ «አሥራ አራተኛው ነበር!» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ደራሲው ትልቅ ሰው ስለነበር ማንም ደፍሮ አልነገረውም። እንዳለ ታተመ።

ለዚህ ነው ትሮሎፕን ያዢልኝ ያልኩሽ። ፊደል የጆሮ ነገር ነው። የኛ አገር ሰው ደግሞ መጽሐፍን በጆሮው ለምዶታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካነበበው ሰው ይልቅ በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ የሰማው ይበዛል ብል የሚከራከረኝ አይመስለኝም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጉዱ ካሣን ግን እንደ ሰፈር ሰው ነበር የምታውቀው፤ ወጋየሁ ሲተርከው ሰምታ።

አንቺ ግን የስምንት ዓመት ጽሑፍሽን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማሽውም። ሌላ ሰው ሲሰማው ደግሞ አላየሽም። ስለ ሥራ፣ ስለ እቁብ፣ ስለ ኤዲተር ጠየቅሽኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያላየሁት ጥያቄ «ባሌን እንዴት አድርጌ ልንገረው?» የሚለው ነው። ማተሚያ ቤት ሄዶ መጽሐፉን ለሺህ ሰው ከመስጠት ለአንድ ሰው ማንበብ ከብዶሻል። አልስቅብሽም። እኔም የመጀመሪያ ታሪኬን ባልደረባዬ ያገኘችው የደራሲ ጽሑፍ መስሏት በስህተት ማንበብ ስትጀምር ነው። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኝ ነበር። ስድስተኛው «ነበር» ላይ ቀና ብላ አየችኝና «ያንቺ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

እናም ዘጠኙን ደብተር ባልሽ ፊት አትከምሪበት። ይደነግጣል። ስለ ኩታበሯ እናት የጻፍሽው ሦስት ገጽ ሲያልቅ ብቻ፣ ልጆቹ የተኙበትን፣ ኳስ የሌለበትን ማታ ምረጪ። መጀመሪያ እውነቱን ንገሪው፤ «እነዚያ ደብተሮች የእቁብ አይደሉም፤ የኔ ድርሰት ናቸው፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።» ሊከፋው ይችላል። የሚከፋው በመጻፍሽ ሳይሆን ስምንት ዓመት አብሮሽ ተኝቶ ባለማወቁ ነው። ይክፋው፤ አትከራከሪው። ከዚያ አንብቢለት። ስታነቢ ፊቱን አትመልከቺ፤ ወረቀቱን ተመልከቺ። ስትጨርሺ «እንዴት ነው?» እንዳትይው። «ጥሩ ነው» ይልሻል፤ ባል ምን ይላል ሌላ? «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በይው። እሱ ከመመለሱ በፊት ግን አንቺ ራስሽ የቱ ጋ ድምፅሽ እንደዛለ ታውቂዋለሽ። እዚያ ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጊ።

አሁን እቁቡ። መስከረም ሲወጣልሽ መጽሐፍ አታሳትሚበት። ይህን የምልሽ የተቃጠልኩ ሰው ሆኜ ነው።

እኛ አገር አብዛኛውን መጽሐፍ የሚያሳትመው ደራሲው ራሱ ነው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ወረቀቱን ያትማል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዶላር በተነሳ ቁጥር ይነሳል። ዛሬ የሚሰጡሽ ፕሮፎርማ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀን ነው። እኔ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል አሳተምኩ፤ 2,000 ኮፒ። የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ፣ ቅናሽ አገኘሁ፣ ጥራዙን ቆሜ አሠራሁ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። የማላውቀው መሸጡን ነበር። አንድ አከፋፋይ 800 ኮፒ በአደራ ወሰደ። «ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» ብሎ። መጀመሪያ «ገና ነው» አለኝ፣ ቀጥሎ «ክፍለ ሀገር ልኬዋለሁ» አለኝ፣ ቀጥሎ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። የቀረው ቤቴ ገባ። ካርቶኖቹን ደርድሬ ጨርቅ አለበስኳቸውና ቴሌቪዥን አስቀመጥንባቸው። ልጄ አሥረኛ ክፍል እስኪደርስ ቴሌቪዥን ያየነው በኔ መጽሐፍ ላይ ነው። ምረቃውንማ ተይው፤ አዳራሹና ኬኩ ብቻ የሦስት ወር ደሞዜን በልቷል። ሁሉም አጨበጨበ፣ አሥራ ሰባት ሰው ገዛ።

ስለ ኤዲተሩ። አርታዒና አራሚ ለየቅል ናቸው። አራሚ የፊደል ስህተትሽን ያስተካክላል። አርታዒ «ይህች እናት ለምን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጠፋች?» ይልሻል። ሁለቱንም በአንድ ወር ለዘጠኝ ደብተር፣ ያውም ገና ሳይተየብ እሠራለሁ የሚል ሰው የትኛውንም አይሠራም። ከጽሑፍሽ አንድ ገጽ ሳያይ ዋጋ የቆረጠልሽ ሰው ዋጋ የቆረጠው በአንቺ ጉጉት ላይ ነው። አምስት ገጽ ላኪለትና በዋጋው ልክ ከፍለሽ አሠሪው። ወረቀቱ በጥያቄ ተሞልቶ ከመጣ እናወራለን። «ድንቅ ነው» ብሎ ከመለሰው ስልኩን አጥፊው።

ሦስት ገጽሽ ሲያምርሽ ለጋዜጣ ወይም ለሬዲዮ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ላኪ። ደሴ ውስጥ የግጥምና የድርሰት ምሽት ካለ ሂጂና ከኋላ ወንበር ተቀመጪ፤ መጀመሪያ ለመስማት ብቻ። ለኔም ላኪልኝ ብል ደስ ይለኛል፤ እህቴ ደግሞ አሁንም «የሴትዮዋ ብር ገባ?» እያለች ትጠይቀኛለች። ግን ከባልሽ በፊት ለኔ እንዳትልኪ።

በመጨረሻ የአይጧ ነገር። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጫቸው፤ ደሴ እርጥበት አላት፣ ወረቀቱ ያልበውና ይሻግታል። የፕላስቲክ ባልዲም አይሆንም፤ ትበሳዋለች። የብስኩት ቆርቆሮ ፈልጊ፣ ትልቁን። ክዳኑ የሚገጥመውን። ከታች ጋዜጣ አንጥፊ፣ ደብተሮቹን አስተኝተሽ ደርድሪ፣ መሬት ሳይሆን ቁም ሳጥን ላይ አድርጊው። ከዚያ በፊት ግን አንድ እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን። የእቁቡን ደብተር ለብቻው አድርጊ። አይጧ እሱን ከበላች ሰፈሩ አይምርሽም።